እንጀራውን ቀነስኩ፤ ክብደቴ ግን አልቀነሰም

ክብደትዎን ለመቀነስ ቆርጠው የተነሱበት ጊዜ ካለ በቅድሚያ የቀነሱት ምን እንደነበር እስኪ ያስታውሱ። የብዙዎቻችን እጅ የሚሄደው ወደ መሶቡ ነው። አንድ እንጀራ የነበረው ግማሽ ይሆናል፤ ግማሹ ሩብ ይሆናል፤ ቀጥሎም ምሳ ጨርሶ ይቀራል። ወር ሙሉ ሆድን አስርበው ከከረሙ በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ቁጥሩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ «የኔ ውፍረት የተፈጥሮ ነው፤ ውሃ ብጠጣም ያወፍረኛል» ተብሎ ተስፋ ይቆረጣል።

ውሃ ማንንም አያወፍርም። የሚያወፍረው ከውሃው ጋር ተበጥብጦ፣ ከሽንኩርቱ ጋር ተቁላልቶ፣ ከቡናው ጎን ቀርቦ ሳይቆጠር የሚያልፈው ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች «ምግብ» ተብለው የማይቆጠሩትን ምግቦችና መጠጦች አብረን እንቆጥራለን።

ነገሩን እንዳነሳ ያደረገኝ በደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በጉርብትና በምንኖር አንዲት እናት ላይ የደረሰው ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ «እትዬ» ብቻ እላቸዋለሁ። እትዬ ዕድሜያቸው ወደ 50 ዓመት ይጠጋል፤ አራት ልጆች ወልደው አሳድገዋል። ከ2 ዓመት በፊት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ታውቆ በየቀኑ ኪኒን ይውጣሉ። ሐኪማቸውም 82 ኪሎ የደረሰውን ክብደታቸውን እንዲቀንሱ አጥብቀው መከሯቸው። እትዬ ሐኪም ያለውን የሚንቁ ሴት አይደሉምና ከማግስቱ ጀምሮ ምሳ መብላት አቆሙ። ኪኒኑን ግን አላቆሙም።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ተጠርተን ከቤታቸው ተቀምጠን ሳለ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ አፋቸው ተሳሰረ። የመጨረሻ ልጃቸው ፈጠን ብላ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸውና ነፍስ ዘሩ። ኋላ በሕክምና ቦታ እንደተገለጸላቸው፣ ከስኳር ኪኒኖች አንዳንዶቹ ሰው በላም አልበላም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ታች ይገፋሉ። ምሳው ሲቀር ስኳሩ ከሚገባው በታች ወረደ። እርስዎም የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ወይም ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ምግብ ከመቀነስዎ፣ እንዲሁም ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ ከመጾምዎ አስቀድመው ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ መድኃኒቱ ከአመጋገቡ ጋር መስተካከል አለበትና። ይህን ጽሑፍ ሳያነቡ ለሚቀሩ ጎረቤቶችዎም ቢነግሩልን ደስ ይለናል።

እጅግ ያስገረመን ግን ሌላ ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የእትዬ ክብደት የቀነሰው ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም።

ደብተሩ ምን አለ?

የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ከዚያ በኋላ አንድ ብልኀት ዘየደች። ደብተር ይዛ እናቷ የሚበሉትንና የሚጠጡትን ሁሉ፣ አንዲት ፍሬ ቆሎ ሳትቀር፣ ለ3 ቀናት መዘገበች። ደብተሩን እትዬ ራሳቸው አሳይተውኛል።

የጠዋቱ ሻይ ስኳር የለውም። «ስኳር የተከለከልኩ ነኝ» ብለው በምትኩ በየብርጭቆው አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ያደርጉበታል። ይህ በቀን 3 ጊዜ ይደገማል። ማር የንብ ሥራ፣ የተፈጥሮ ጸጋ መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም 20 ግራም ከሚመዝነው አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ 16 ግራም ያህሉ ስኳር ነው፤ ሰውነትም ከማር የመጣውን ስኳር ከሱቅ ከመጣው ለይቶ አያዝንለትም። ሦስቱ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ወደ 50 ግራም ስኳር ይዞ ገባ ማለት ነው።

ረፋድ ላይ ቡና አለ። የወሎ ቡና እንደሚያውቁት በአንድ ሲኒ አያልቅም፤ አወል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል መነሳት ነውር ነው። «ለማጣፈጥ ያህል» በየሲኒው አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይገባል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎረቤት ይጠራልና ሌላ ሦስት ሲኒ ይጠጣል። የሻይ ማንኪያዋ 4 ግራም ብትይዝ ስድስቱ ሲኒ 24 ግራም ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ «ስኳር ከተውኩ 2 ዓመቴ ነው» የሚሉት እናት በቀን ከ70 ግራም በላይ ስኳር ይወስዱ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከስኳርና ከማር የምናገኘው ጉልበት ከዕለቱ ፍጆታችን ከአሥር እጅ አንዱን እንዳይሞላ፣ ቢቻልም ወደ ግማሹ እንዲወርድ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች ማለት ነው።

(ካሎሪ ስንል ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ሲቃጠል የሚሰጠውን ጉልበት መለኪያ ማለታችን ነው። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም የአልኮል መጠጥ ንጥር 7፣ አንድ ግራም ዘይት ወይም ቅቤ 9 ካሎሪ ይሰጣል። ሳይቃጠል የተረፈው ስብ ሆኖ ይቀመጣል።)

የቡና ቁርሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ምሳ ከቀረ ወዲህ የእትዬ ረሃብ ወዴት ዞረ? ወደ ቆሎው ሳህን! ድሮ አንድ ጭብጥ ዘግነው የሚተዉት፣ አሁን ወሬው እስኪያልቅ እጃቸው ከሳህኑ አይነሳም። የገብሱ ቆሎ ባልከፋ፤ ለውዝ በብዛት የተቀላቀለበት ነው። ለውዝ ጥሩ ምግብ ነው፣ ገንቢም ነው፤ ግን ግማሽ ያህሉ ዘይት በመሆኑ 30 ግራም የምትመዝን አንዲት ጭብጥ 170 ካሎሪ ገደማ ትይዛለች። በሁለቱ ቡና ላይ ሁለት ሁለት ጭብጥ ቢወሰድ የተዘለለውን ምሳ ከነወለዱ መክፈል ነው። የተዉት ምሳ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ነበር!

በዚህ አጋጣሚ ስለ እንጀራ ጥቂት ልበል፤ ያለ ኃጢአቱ ብዙ ይወቀሳልና። ከጤፍ ወይም ጤፍና ማሽላ ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራ ገለባው ያልተለየ እህል ስለሆነ ያጠግባል፤ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን ጋር ሲበላ ደግሞ ለሰዓታት ያቆያል። ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል እንጂ እሱን አባርሮ በቦታው ነጭ ዳቦና ብስኩት መተካት ትርፉ አይታየኝም።

ደሴ ላይ የሚከብደን ሌላው ነገር ብርዱ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጠዋት ላይ ሲያንዘፈዝፍ የሰው ልብ ትኩስ ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖ፣ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ይመኛል። ብርድ ሆድን ያስርባል የሚለው አባባል ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ቤታችን ውስጥ ጋቢ ደርበን ተቀምጠን የምንበርደው ብርድ ያን ያህል ጉልበት አይፈጅም። ዱሮ ከፒያሳ ተነስቶ ቤቱ እስኪደርስ ዳገቱን በእግሩ የሚወጣው የደሴ ሰው ጨጨብሳውን ከመንገዱ ላይ ያቃጥለው ነበር። ዛሬ ባጃጅ አለ፤ ዳገቱን የሚወጣው ባጃጁ ነው፤ የበላነው እኛ ነን።

ዘይቱን ከጀሪካኑ ይለኩ

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። «እኔ ዘይት አላበዛም» የማይል የቤት እመቤት አጋጥሞኝ አያውቅም። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ነገር ግን ድስት ውስጥ ስናንቆረቁር በማንኪያ ስለማንለካ ማናችንም የምናውቀው ነገር የለም። ለዚህ የተሻለው ምስክር ጀሪካኑ ነው። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ሲከፈት ቀኑን በላዩ ላይ ይጻፉ፤ ሲያልቅም ቀኑን ይመልከቱ።

አምስት ሰው ባለበት ቤት 5 ሊትር ዘይት አንድ ወር ከቆየ እያንዳንዱ ሰው በወር አንድ ሊትር ጠጣ ማለት ነው። ይህም በቀን ሲካፈል 30 ግራም ገደማ፣ በካሎሪ ደግሞ ከ270 በላይ ነው። በ20 ቀን ካለቀ በቀን ከ400 ካሎሪ በላይ ከዘይት ብቻ ይገባል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነውና በሽሮው ድስት ላይ «ትንሽ ጠብ» የምትደረገው በቀላሉ የምትታይ አይደለችም። ቅቤም ከዚህ የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። የሚረጋው ዘይት ርካሽ ነው ተብሎ ቢመረጥም ካሎሪው ከፈሳሹ አያንስም፤ ለልብ ሥር ግን ከፈሳሹ የባሰ ነው።

ሁለት አሳሳች ሐሳቦች በዚህ ላይ አሉ። አንደኛው «የጾም ምግብ አያወፍርም» የሚለው ነው። ሥጋና ቅቤ ሲቀር በቦታው ዘይት ሲጨመር፣ ሽሮው ሲቀና፣ ድንቹ ሲጠበስ፣ ጾሙን ጨርሰው ከብደው የሚወጡ ብዙ ናቸው። ሁለተኛው የኢፍጣር ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ማታ የሚፈልገው ውሃ፣ ተምርና ሾርባ ሆኖ ሳለ ሳምቡሳው በሳህን ተቆልሎ ይቀርባል። ሳምቡሳ ውስጡ ምስር መሆኑ መልካም፤ ቂጣው ግን የጠበሰውን ዘይት ጠጥቶ ነው የሚወጣው። በኢፍጣር ላይ የሚጠጣው ቀሪቦም ከተቆላ ገብስ፣ ከስኳርና ከእርሾ የሚዘጋጅ ነውና ብርጭቆው ሲደጋገም ስኳሩም ይደጋገማል። ሳምቡሳና ቀሪቦ ይቅሩ አይባልም። የሚባለው ከሾርባው በኋላ ይምጡ ነው፤ ሆድ ትንሽ ከያዘ በኋላ እጅ ይታዘዛልና።

ለወጡ የሚሆን አንድ ዘዴ ላካፍልዎ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ፣ እየተጠበሰ ሲይዝም ጠብታ ውሃ እያደረጉ ያብስሉት። ዘይቱ በመጨረሻ በማንኪያ ተለክቶ ይግባ። ለመልመድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ባለቤትዎ ወጡ «ቀጠነ» ሳይሉ አይቀሩም፤ በሦስተኛው ሳምንት ይረሱታል።

ሐረጎን ሲወርዱ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ደሴ በ2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስትገኝ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ሳይጨርስ ተሳፋሪው ሹራቡን ማውለቅ ይጀምራል። በዚያው ልክ የምግቡም ፈተና ይለወጣል። ላይኛው ከተማ በትኩስ ሻይና በጥብስ የሚያጠቃን ክብደት፣ ታችኛው ከተማ በቀዝቃዛ ጠርሙስ ይመጣል።

ኮምቦልቻ የሠራተኛ ከተማ ናት። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካው፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሌሎችም አሉ። በሽፍት የምትሠራ አንዲት ወጣት እናት እንዳጫወተችኝ የምሳ እረፍቷ አጭር በመሆኑ አብዛኛውን ቀን የምትበላው አንድ ዳቦ በአንድ ለስላሳ ነው። «እኔ እኮ ምግብ አልበላም፤ ዳቦ ብቻ ነው» አለችኝ። ከወለደች 3 ዓመት ሆኗታል፤ በወሊድ ጊዜ የጨመረችው ክብደት አልወርድ ብሏት ጉልበቷን እያመማት ነው። ዳቦውን ቆጥራለች፤ ለስላሳውን ግን አልቆጠረችም።

የተለመደው የለስላሳ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በአንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ ውስጥ ያለው ስኳር ከ30 ግራም በላይ ነው። በሻይ ማንኪያ ሲለካ ወደ 8 ማንኪያ ይሆናል። እስኪ ለእንግዳ ሻይ አቅርበው 8 ማንኪያ ስኳር ጨምረው ያማስሉለት! ቀምሶ ይመልስልዎታል። ጠርሙሱን ግን ቅዝቃዜውና ጋዙ ጣፋጭነቱን ስለሚሸፍኑት በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። በዚህ ላይ የሚጠጣ ስኳር እንደሚታኘክ ምግብ አያጠግብም። ዳቦውን የሚያህል ካሎሪ ጠጥታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ረሃቡ ይመለሳል። ከጫት ጋር የሚጠጣ ለስላሳም እንዲሁ ነው፤ ጫቱ ለጊዜው ምግብ ይዘጋል፣ ጠርሙሱ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጠራል፤ ማታ ደግሞ የተዘጋው ሆድ ሲከፈት እራቱ በእጥፍ ይበላል።

«እንግዲያውስ ጭማቂ ይሻለኛል» የሚሉ አሉ። ጭማቂ ቤት ገብተው ስፕሪስ ሲያዙ የሚቀርብልዎት ትልቅ ብርጭቆ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ተደርቦበት፣ ስኳር ገብቶበት፣ አንዳንዴም ላዩ ላይ ቪምቶ ፈሶበት ነው። ፍሬዎቹ ግሩም ናቸው። ግን ብርጭቆው ሙሉ ምሳ ነው፤ ከምሳ በኋላ የሚጠጣ ማጠቢያ አይደለም። ከጠጡት ምሳዎን ጠጡ ማለት ነው። ፍሬውን እንዳለ መብላት ከመጭመቅ ይሻላል፤ ስኳር ይቅር ካሉም ባለሙያው ይታዘዝዎታል፤ እኔ ጠይቄ ተፈጽሞልኛል። አልኮል የሌላቸው የብቅል መጠጦችም «የጤና» ተብለው ለእርጉዝና ለአራስ ይገዛሉ። አልኮል አለመኖሩ እውነት ነው፤ ጣፋጭነቱ ግን ከየት እንደመጣ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ዝርዝር ያንብቡ።

ስለ ቢራ ብዙ አልልም። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከታገደ ወዲህ ጆሯችን ዐርፏል። አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሆኖም ቢራ ብቻውን አይመጣም፤ ጥብሱን ይጠራል።

የሌሊት ሽፍት ለሚሠሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን ማለት ይገባል። እንቅልፍ ማጣት ራሱ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ ያውም ጣፋጭና ቅባት ያለውን ያስመኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብስኩትና ጣፋጭ ሻይ መፈለግዎ የሆዳምነት ምልክት አይደለም፤ የድካም ነው። በምሳ ዕቃ የሽምብራና የስንዴ ንፍሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ ይዘው ቢገቡ ሌሊቱን ያሻግርዎታል። በሶም ይሆናል፤ ግን በሶ ከምግብ በኋላ እንደ ውሃ የሚጠጣ ሳይሆን ራሱ ምግብ መሆኑን አይርሱ። ለጥሙ ከቤት የተቀዳ ውሃ ይበቃል፤ ጋዝ ከናፈቀዎት አምቦ ውሃ ስኳር የለበትም።

«መክሳትን እኔ አይቼዋለሁ»

እስካሁን ያልነው የማንኪያና የጠርሙስ ጉዳይ ነው። ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው ከእናት እጅ የሚመጣው ጉርሻ ነው።

የእትዬ እናት ዕድሜያቸው ከ70 ዘልሏል። ቀጭን ናቸው፤ ገጠር እንደለመዱት ቡናቸውን የሚጠጡት በጨው ነው። (ለደም ግፊት ጨውም ቢቀንስ ይሻላል፤ ይህን ግን ለእሳቸው የሚነግር ጀግና አልተገኘም።) ልጃቸው ምሳ መተዋቸውን ሲሰሙ አለቀሱ። እኔም እዚያው ነበርኩና «እማማ፣ ለጤናቸው እኮ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንቺ መክሳትን አታውቂውም። መክሳትን እኔ አይቼዋለሁ» አሉኝ።

እማማ ደሴ የገቡት በ1977 ዓ.ም. ነው፤ ልጅ አዝለው፣ ልጅ ጎትተው። የጎተቷት እትዬ ነበሩ። የታዘለው አልተረፈም። ከዚያ በፊት የ1965ቱንና የ1966ቱን ረሃብም አይተዋል። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ እናት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ለእሳቸው የወፈረች ልጅ ማለት የተረፈች ልጅ ማለት ናት። «ወዝሽ ጠፋ፣ ከሳሽ» ሲሉ ስለ መልክ እያወሩ አይደለም። ስለዚህ «ብይልኝ፣ በሞቴ» ብለው የሚዘረጉትን ጉርሻ እንዴት ይመልሱታል? እኔ መልሱን አላገኘሁም። እትዬ ግን አንድ ነገር አደረጉ፤ ጉርሻውን ተቀበሉ፤ ሦስት ጉርሻ ሲጎርሱ ከራሳቸው ድርሻ ሦስት ጉርሻ ይተዋሉ።

የእማማ ሥጋት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች መካከል 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። በከተማ ብቻ ሲታይ ግን ከልክ በላይ የወፈሩት ከ5 ሴቶች አንዷ ያህል ነበሩ። እንግዲህ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ፣ አንዷ መጨመር ሌላዋ መቀነስ ያስፈልጋታል። ከኮምቦልቻ ወጣት ሠራተኞች መካከልም ይህን ጽሑፍ አንብበው ምግባቸውን ሊቀንሱ የማይገባቸው ጥቂት አይደሉም። እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ክብደት ለመቀነስ ጊዜው አይደለም፤ የምታጠባ እናት በቀን እስከ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ያ የአራስ ቤት ገንፎና አጥሚት ዋጋው ትልቅ ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ጡት ከተወ በኋላ እናቲቱ የአራስ ምግቧን ሳትተው ስትቀር ነው። ሳይፈልጉትና ሳይሞክሩ ክብደትዎ እየቀነሰ ከሄደ ግን ደስ አይበልዎት፤ የሳንባ ነቀርሳም ሆነ የስኳር በሽታ እንዲያ ይጀምራሉና ይመርመሩ።

ለመሆኑ እርስዎ መቀነስ ያስፈልግዎታልን? ሚዛን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትሩን በታችኛው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል ያዙሩት። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መጠንቀቅ፣ ከ88 ካለፈ መመርመር ያሻል። የሚፈለገው ቅነሳም ብዙ ሰው እንደሚፈራው የሠርግ ልብስ ጉዳይ አይደለም። ከክብደት 5 ወይም 7 በመቶ መቀነስ ብቻ ለደም ግፊትና ለስኳር ትልቅ ለውጥ አለው። በአሜሪካ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ በእግር እንዲሄዱ ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ውጤት፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። 150 ደቂቃ በደሴ ስንት ዳገት እንደሆነ እርስዎ ያስሉት።

በየሱቁ ስለሚሸጡት «የማቅጠኛ ሻዮች» የሚጠይቁን አሉ። ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ናቸው። ከሰውነት የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ውሃው ሲጠጣ ኪሎው ይመለሳል። ሎሚ በሙቅ ውሃም ስብ አያቀልጥም፤ በለስላሳ ምትክ ከተጠጣ ግን ጥቅሙ በዚያው ነው።

ወደ እትዬ ልመለስ። ምሳቸውን መልሰው መብላት ጀምረዋል። ማሩ ከሻዩ ወጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ያለው ከልጃቸው ዘንድ ነው። የቡናው ስኳር ቀስ በቀስ ወርዶ አሁን አወል ላይ ብቻ ግማሽ ማንኪያ ነው። ቶናና በረካ ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ መጀመሪያ ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር፣ አሁን የቡናውን ጣዕም ገና ማወቄ ነው ይላሉ። ቆሎው በሳህን ሳይሆን በሲኒ ማስቀመጫ ተለክቶ ይቀርባል። ጀሪካኑ ላይ ቀን ተጽፏል፤ 22 ቀን ይቆይ የነበረው 34 ቀን ደርሷል። ከሰኞ ገበያ የሚመለሱት በእግር ነው፤ ዕቃው ሲከብድ ዕቃውን በባጃጅ ከልጃቸው ጋር ይልካሉ። የኪኒናቸው መጠን በሐኪም ታይቶ ተስተካክሏል። በ8 ወር 5 ኪሎ ቀንሰዋል። ሁለት ወር ጨርሶ ምንም ያልቀነሱበት ጊዜም ነበር፤ ያን ጊዜ ሠርግ በዝቶ ነበር ይላሉ።

እማማ እስካሁን አላመኑም። በየጁምዓው የልጃቸውን አንጓ በጣታቸው ይለካሉ።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቷል። እትዬ በረመዳን ለኛ ቤት ሳምቡሳ ይልካሉ፤ ዘንድሮ በመጋገሪያ ምድጃ እንጂ በዘይት አልጠብስም ብለዋል። ሞክረው አቅምሰውኛል። ዘይት የለበትም፤ ጣዕሙም እውነቱን ለመናገር እንደ ድሮው አይደለም። እኔም ለጎረቤት የሚላከውስ በድሮው ይሁን ብዬ አመልክቻለሁ፤ ልጃቸው ደብተሩን አውጥታ «የእርስዎንስ ልመዝግብ?» አለችኝ።